ፍሬው ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሰዓት

አትክልትና ፍራፍሬን ለውጭ ገበያ ስለማድረስ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር



ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ስጠየቅ ከየአጥቢያው የተሰበሰቡ ጥያቄዎች አስቀድመው ደርሰውኝ ነበር። ቃላቸው ቢለያይም አብዛኞቹ አንድ ናቸው። «መሬት አለን፤ ውኃም በአቅራቢያችን አለ፤ ለውጭ ገበያ የሚሆን ምን እንትከል?» ይላሉ። ጥያቄው ቅን ነው፤ ደስ የሚያሰኝም ነው። ይሁን እንጂ እኔ በግብርና ሙያ እስካሁን ካየሁት ተነሥቼ ከመትከል እንዳልጀምር ፍቀዱልኝ። የምጀምረው ፍሬው ከእናቱ ግንድ ከተለየባት ደቂቃ ነው። ሀገራችን ወደ ውጭ የምትልከው አትክልትና ፍራፍሬ የሚጨምረው በሚታረሰው መሬት ብዛት ሳይሆን ከዚያች ደቂቃ በኋላ ባለው አያያዝ እንደሆነ ስለማምን ነው።

አስቀድመን ያለንበትን እንይ። ኢትዮጵያ ከዚህ ዘርፍ ከምታገኘው የውጭ ምንዛሪ አብዛኛውን የሚያስገባው አበባ ነው። የሚበላው ምርት ከአበባው በብዙ ያንሳል፤ እርሱም የሚወጣባቸው መንገዶች ጥቂት ናቸው። የቆየው መንገድ የጎረቤት ገበያ ነው፤ ድንቹ፣ ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ ጥቅል ጎመኑና ካሮቱ በተለይ ከምሥራቁ የሀገራችን ክፍል እየተጫነ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ ፎሶሊያ፣ እንጆሪ፣ የጥብስ ቅጠልና መሰል ማጣፈጫ ቅጠሎች በአውሮፕላን ወደ አውሮፓና ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ይላካሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ «ሐስ» የተባለው የአቮካዶ ዝርያ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ተጭኖ በጅቡቲ በኩል በመርከብ መውጣት ጀምሯል። በጎጃም በቆጋ መስኖ አካባቢ ያሉ አነስተኛ ገበሬዎችም የዚህ ተካፋይ ሆነዋል።

የአየር ንብረታችን እንደሚፈቅድ ማንም አይክድም። ቆላ፣ ወይናደጋና ደጋ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይገኛሉ። አውሮፓ በብርድ ተይዛ ፎሶሊያ በማታበቅልበት ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ እኛ በመስኖ ማብቀል እንችላለን። ታዲያ ምርቱ ለምን ሳይወጣ ይቀራል? የመንገዱ፣ የብድሩና የማዳበሪያው ችግር እውነት ነው፤ እነርሱን የሚመለከታቸው ሌሎች አሉ። እኔ እዚህ ላላችሁት፣ እጃችሁ ስለሚደርስበት ነገር ልናገር።

የተቆረጠ ፍሬ የሞተ ነገር አይደለም፤ ይተነፍሳል። በግንዱ ሳለ የተተነፈሰውን ግንዱ ይተካለት ነበር፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን የሚተነፍሰው ያጠራቀመውን ስንቅ እየበላ ነው። ስንቁ ሲያልቅ ይጠወልጋል፤ ይለሰልሳል፤ ይበሰብሳል። ይህን ሁሉ የሚያፋጥነው ሙቀት ነው። የምርት አያያዝ ባለሙያዎች የሚሠሩበት ልክ አለ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የፍሬው መበላሸት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። እንግዲህ አስሉት። በ30 ዲግሪ ሙቀት በማሳው ዳር አንድ ሰዓት የተቀመጠ ፎሶሊያ፣ በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊቆይበት የሚችለውን ዕድሜ ጨርሷል ማለት ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተለቅሞ መኪናው እስኪመጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፀሐይ ላይ የዋለ ምርት ገና ከቀበሌው ሳይወጣ ዕድሜው ተበልቷል። ከዚያ በኋላ በቦሌ የእቃ ማስተናገጃ ያለው ማቀዝቀዣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን የጠፋውን አይመልሰውም፤ ማቀዝቀዣ የቀረውን ያቆያል እንጂ።

በመሆኑም ለቀማ ጎሕ ሲቀድ ተጀምሮ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ቢያልቅ፣ ምርቱም ወዲያው ጥላ ውስጥ ቢገባ፣ ያለ አንድ ብር ወጪ ብዙ ነገር ይለወጣል። ጥላን በተመለከተ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ያልታደሉት ሀብት አላቸው። በየዐጸዱ ያለው የወይራው፣ የጽዱና የዋርካው ጥላ እኩለ ቀን ላይ ከማሳው ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዐጸዱ ገበያ ይሁን ማለቴ አይደለም፤ ከቅጽሩ ውጭ፣ ዛፎቹ ጥላቸውን በሚጥሉበት በኩል፣ የሣር ክዳን ያለው ግድግዳ አልባ ዳስ መሥራት ግን ለአንድ አጥቢያ የሁለት ቀን ሥራ ነው።

ከዳሱ ሌላ አንድ ቀላል ነገር ልጨምር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኒው ዴልሂ የሕንድ የግብርና ምርምር ተቋም ባለሙያዎች መብራትም ነዳጅም የማይፈልግ ማቀዝቀዣ ሠርተዋል። ሁለት የጡብ ግድግዳ አንዱ በሌላው ውስጥ ይሠራና በመካከላቸው አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው ጠዋትና ማታ ውኃ ይጠጣል፤ ውኃው ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። ደረቅ አየር ባለበት በበጋ ጥሩ አድርጎ ይሠራል፤ በክረምትና እርጥበት ባለበት ስፍራ ጥቅሙ አነስተኛ ነው። እንደ እውነተኛ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት አያቆይም፤ መኪና እስኪመጣ ያለችውን ክፉ ሰዓት ግን ያሳልፋል።

«እንግዲያው አንድ ትልቅ ማቀዝቀዣ ገዝተን ሁሉንም እናስገባ» የሚል አሳብ ከአንዳንድ አጥቢያዎች ቀርቧል። ይህ አደጋ አለው። እንጆሪ የሚፈልገው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ፎሶሊያ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ተኩል ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ሲሆን ነጠብጣብ ያወጣል። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲቀመጥ ልጣጩ ይጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ በደንብ አይበስልም። በአንድ ክፍል ሁሉን ማጨቅ ገንዘብ ከፍሎ ማበላሸት ነው። ገንዘቡ ካለ አስቀድሞ የፕላስቲክ ሳጥን ይገዛበት። ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣውን ሙዝ የተመለከተ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል። ሙዙ በአይሱዙ ላይ ቅጠል ተነጥፎለት እስከ ጫፍ ይከመራል፤ ከታች ያለው የላዩን ሸክም ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ ይንገላታል። ሲደርስ የጠቆረው፣ የተላጠውና የተሰነጠቀው ተቆርጦ ይጣላል። ሀገራችን ይህን ያህል ሙዝ እያመረተች ወደ ውጭ የምትልከው እጅግ ጥቂት መሆኑን ከዚህ ነጥሎ ማየት አይቻልም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት በዓለም ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶው ከአጨዳ በኋላ፣ ችርቻሮ መደብር ሳይደርስ ይጠፋል። ይህ እህሉን ሁሉ ጨምሮ ነው፤ ለስላሳ ፍሬ ደግሞ ከእህል ይብሳል።

አሁን ወደማይታየው ነገር ልለፍ። ፍሬው አምሮ፣ ቀዝቅዞ፣ በሳጥን ተደርድሮ ቢደርስ እንኳ አንድ ላቦራቶሪ ሊመልሰው ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ለየመድኃኒቱ የሚፈቅደው የቅሪት መጠን አለው፤ በተለይ ልክ ላልተወሰነለት መድኃኒት የሚሠራበት መጠን በአንድ ኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ቁጥር ለጆሮ አይከብድም፤ ስለዚህ በእኛ ሚዛን ልተርጉመው። በአንድ ሺህ ኩንታል ምርት ውስጥ አንድ ግራም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጎረቤታችን ኬንያ የምትልከው ፎሶሊያ በመድኃኒት ቅሪት ምክንያት በአውሮፓ ወደቦች ላይ ጥብቅ ፍተሻ ተጥሎበት ነበር፤ ከዚህም የተነሣ በዚህ ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩት ብዙ አነስተኛ ገበሬዎች ገዢ አጥተዋል። መድኃኒቱን በትክክል የተጠቀመውም ያልተጠቀመውም አብሮ ተቀጣ፤ ኮንቴይነሩ አንድ ነውና።

በዚህ ረገድ ትልቁ እርሻ የሚቀናው አንድ አዛዥና አንድ መዝገብ ስላለው ነው። አርባ ገበሬ በአርባ ቁራሽ መሬት ሲያመርት ግን ማን ምን እንደረጨ፣ መቼ እንደረጨ ማን ያውቃል? የአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመሩት፣ ዛሬ «ግሎባል ጋፕ» የሚባለው የጥሩ ግብርና ደንብ ይህንን ይጠይቃል። ደንቡ ግን ገበሬዎች በቡድን ሆነው በአንድ የውስጥ ቁጥጥር ሥር አንድ ምስክር ወረቀት እንዲወስዱም ይፈቅዳል። ለብቻው ወጪውን የማይችለው ገበሬ በቡድን ሊችለው ይችላል ማለት ነው፤ የቡድኑ ዋጋ ደግሞ በመዝገቡ ታማኝነት ይለካል።

መዝገብን በተመለከተ ለእናንተ አዲስ ነገር አልነግራችሁም። ሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ አለው፤ የጥምቀት መዝገብ ይይዛል፤ የዐሥራቱንና የስዕለቱን ደረሰኝ ቁጥር በቁጥር ያስቀምጣል፤ ኦዲተር ሲመጣ ያቀርባል። የርጭት መዝገብ ከዚህ አይከብድም። የገበሬው ስም፣ የማሳው ቦታ፣ የመድኃኒቱ ስም ከነመጠኑ፣ የተረጨበት ቀን፣ በመድኃኒቱ ልጣፍ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን፣ ከዚያም የተለቀመበት ቀን ይጻፋል። የመቆያው ቀን ሳይሞላ የተለቀመ ምርት ወደ ዳሱ አይገባም፤ የሊቀ መንበሩ ወንድም ያመረተው ቢሆንም። ይህችን ደንብ አንድ ጊዜ የጣሰ ቡድን ከዚያ በኋላ የሚጽፈውን ማንም አያምነውም። ልጣፉን ማንበብ የማይችል ገበሬ ብዙ ስለሆነ የአጥቢያው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ይህን ቢያነቡለት መልካም ነው። ባዶውን የመድኃኒት ዕቃ አጥበው ውኃና ጠላ ስለሚያስቀምጡበት ቤቶችም በዚያው አጋጣሚ አንድ ቃል ቢነገር ከውጭ ምንዛሪው የሚበልጥ ጥቅም አለው።

ከ2019 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ወር ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት፣ ከአናናስ፣ ከኮኮናት፣ ከዱሪያን፣ ከሙዝና ከቴምር በቀር፣ ከመነሻው ሀገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊኖረው ግድ ነው። ይህም የተባይን ጉዳይ ያመጣል። በማንጎአችን ላይ የወረደውን ነጭ ተባይ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በሀገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ሌሎች የማንጎ አካባቢዎች ተዛምቷል። በራሱ ርቆ የሚበር ተባይ አይደለም፤ ሩቅ መንገድ የሚጓዘው በአብዛኛው በሰው እጅ ነው፤ በችግኝ፣ በፍሬ፣ በመኪና። አብያተ ክርስቲያናት በየክረምቱ ችግኝ ይተክላሉ፤ ያድላሉም። ይህ የተቀደሰ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ችግኙ ከየት መጣ ብሎ ያልጠየቀ አጥቢያ በረከት ሲያድል ተባይም አብሮ ሊያድል ይችላል።

ስለ ችግኝ ካነሣሁ ስለ ሐስ አቮካዶ ልናገር፤ አንዳንድ አጥቢያዎች ፍሬውን ገዝተው፣ በልተው፣ ዘሩን እንደተከሉ ሰምቻለሁና። የሐስ ዛፍ መነሻው አንድ ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ሩዶልፍ ሐስ የተባለ የፖስታ አዳይ ከተከላቸው ዘሮች አንዱ ያልታሰበ መልካም ፍሬ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 በስሙ አስመዘገበው። በዓለም ያለው የሐስ ዛፍ ሁሉ ከዚያች አንዲት እናት ዛፍ በማዳቀል የተገኘ ነው። ዘሩ ቢተከል ይበቅላል፤ ፍሬም ይሰጣል፤ ሐስ ግን አይሆንም። ገዢው የሚፈልገው ወፍራም ልጣጭ ያለውን፣ በመርከብ ሳምንታትን የሚችለውን ነው፤ ስለዚህ የተዳቀለ ችግኝ ከታወቀ ጣቢያ መግዛት ያስፈልጋል። እናት ዛፏ እ.ኤ.አ. በ2002 በሥር መበስበስ በሽታ መሞቷንም ልብ በሉ፤ ይህ በሽታ ዛሬም ውኃ በሚተኛበት መሬት አቮካዶን ይገድላል፤ ንጹሕ ባልሆነ የችግኝ አፈርም ይተላለፋል።

አሁን በሌላ ጉባኤ ላይ ላነሣው የማልደፍረውን፣ እዚህ ግን ሊነሣ የሚገባውን ነገር ላንሣ፤ የበዓላትን ጉዳይ። ፎሶሊያ ከተዘራ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ መድረስ ከጀመረ በኋላ በየሁለት በየሦስት ቀኑ መለቀም አለበት። አንድ ለቀማ ከታለፈ እንቡጡ ያብጣል፤ ቃጫ ያወጣል፤ ገዢው አይቀበለውም። እንጆሪም በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይለቀማል። እኛ ዘንድ ደግሞ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 24 ተክለ ሃይማኖት በስድስት ቀን ውስጥ ይውላሉ፤ ቅዳሜና እሑድ በመካከሉ ሲገቡ ሳምንቱ ያልቃል። ከዚህ የተነሣ ላኪው ገበሬውን ሰነፍ ይለዋል፤ ገበሬው ላኪውን ሃይማኖት የለሽ ይለዋል፤ ውሉም ይፈርሳል።

የትኛው በዓል ሥራን እንደሚከለክል፣ የትኛው እንደማይከለክል መወሰን የእኔ ፋንታ አይደለም፤ የአባቶች ነው። በየአጥቢያውም ልማዱ እንደሚለያይ ታውቃላችሁ፤ ካህናት ለምእመናን በግልጽ ቢያስተምሩ ብዙ ክርክር ይቀራል። እኔ ከሙያዬ የምለው ሰብሉ ከበዓላቱ ጋር ተስማምቶ ይመረጥ ነው። አቮካዶ በዛፉ ላይ ሳለ አይበስልም፤ የሚበስለው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ለመቆረጥ የደረሰ ሐስ በዛፉ ላይ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የጊዮርጊስ ለት ያልተቆረጠ አቮካዶ ለ25 ይቆረጣል፤ ምንም አልጎደለበትም። ፎሶሊያ ግን ይህን አይታገሥም። ስለዚህ በዓላቱ በጥብቅ በሚከበሩበት አጥቢያ የዛፍ ፍሬ ይመረጥ እላለሁ። ፎሶሊያ የግድ ከሆነ ማሳዎቹ በየተራ እንዲደርሱ የመዝሪያው ቀን ከበዓላቱ ሰሌዳ ጋር ተገጣጥሞ ይታቀድ፤ ላኪውም ሰሌዳውን ከውሉ ጋር አስቀድሞ ይያዘው። ባሕረ ሐሳብን የሚያህል የዘመን ስሌት ለያዙ ሊቃውንት ይህ ትንሽ ስሌት ነው።

ውኃን በተመለከተ የሐረማያን ሐይቅ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ለጅቡቲና ለሶማሊያ ገበያ ድንችና አትክልት በማምረት ለብዙ ዘመን ይታወቃሉ፤ ጫትም በዚያው ውኃ ይለማል። የውኃ መሳቢያ ሞተር በረከተ። ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል የሐይቁን ወለል ሞላው። የሐረር ከተማም የምትጠጣው ከዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሐይቁ ደረቀ፤ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ሐረርም ውኃዋን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ለማምጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውኃው በከፊል መመለሱ የሚያስደስት ነው። ሆኖም ገበያው ሳይዘጋ፣ ገዢው ሳይጠፋ፣ ዋጋው ሳይወድቅ ውኃው ቀድሞ ያለቀበት ታሪክ ስለሆነ ደጋግሜ አነሣዋለሁ። ፔሩ የምታህል፣ በዚህ ንግድ ለብዙዎች አርአያ የሆነች ሀገርም ኢካ በተባለው በረሃማ አካባቢዋ ለአውሮፓና ለአሜሪካ አስፓራጉስ የተባለ አትክልት ስታለማ የከርሰ ምድር ውኃዋ እየራቀ ሄዷል፤ ጉድጓዱን ይበልጥ ማስቆፈር የሚችለው ሀብታም ሲቀር ትንሹ ገበሬ ከነጉድጓዱ ደርቋል።

ስለዚህ «ውኃ አለን» ለሚሉኝ አጥቢያዎች የምጠይቀው በሚያዝያ ስንት ነው ብዬ ነው። በጥቅምት የሚፈስ ወንዝ ምስክር አይሆንም። በሚያዝያ ምንጩ የሚሰጠው ይለካ፤ ከዚያ ላይ ሰውና ከብት የሚጠጣው፣ ጸበሉና በታችኛው ተፋሰስ ያለው ጎረቤት ድርሻ ይነሣ፤ የቀረው የመስኖው ነው። የቀረ ከሌለ ለውጭ ገበያ ማምረት ይቅር። ይህን ስል የሚያዝኑ እንዳሉ አውቃለሁ።

ስለ ውል ጥቂት ልበል። በየአካባቢው የሚደጋገም ነገር አለ። ላኪው ዘርና ምክር ይሰጣል፤ ምርቱ ሲደርስ የአካባቢው ደላላ ጥቂት ብር ጨምሮ ያቀርባል፤ ገበሬው ለደላላው ይሸጣል፤ ላኪው ባዶ መኪና ይዞ ይመለሳል። በሌላው ዓመት ደግሞ የውጭ ዋጋ ይወድቅና ላኪው ሳይመጣ ይቀራል፤ ወይም ይመጣና ግማሹን «ጥራት ይጎድለዋል» ብሎ በማሳው ላይ ይጥለዋል። ሁለቱም ወገን በደለኛም ተበዳይም ነው። በዚህ መካከል ሁለቱም የሚያምኑት ምስክር ያስፈልጋል፤ ሰበካ ጉባኤ ሊሆን የሚችለው ይህን ነው። ሚዛኑ የማን ነው? ጥራቱን ማን ይለያል? ገበሬውስ ሲለይ ቆሞ ያያል? የተመለሰው ምርት የማን ነው፤ ወዴትስ ይሄዳል? ክፍያው በስንት ቀን ነው? የአካባቢው ዋጋ ከውሉ በላይ ቢወጣስ ጭማሪው እንዴት ይከፈላል? እነዚህ በውሉ ላይ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ካልተጻፉ ካህኑም ሽማግሌውም በምስክርነት እንዳይፈርሙ እመክራለሁ።

የተመለሰውን ምርት አቅልላችሁ አትዩት። መጠኑ ያነሰ ወይም ልጣጩ የተቧጨረ አቮካዶ ውስጡ ጤነኛ ነው፤ በይርጋለም የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንደሚደረገው ዘይት ሊጨመቅ ይችላል። ቀጥ ያላለ ፎሶሊያ በዐቢይ ጾም በየከተማው ገበያ ተፈላጊ ነው። ለውጭ ገበያ ብቻ የተሰላ፣ ለተመለሰው ምርት ግን መግቢያ ያላሰበ ዕቅድ በመጀመሪያው ዓመት ይከስራል። ባሕሩም አይታመንም፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ በተነሣው ጥቃት ብዙ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ዞረው ለመሄድ ተገደዋል፤ ለአቮካዶ የተጨመረችው እያንዳንዷ ቀን ዋጋ አላት። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንበኛችሁ በአቅራቢያችሁ ያለው ከተማ፣ ሁለተኛው ጅቡቲ ወይም ሐርጌሳ፣ ሦስተኛው ሩቁ ይሁን። በጥላ የተቀመጠ፣ በሳጥን የተጫነና ርጭቱ የተመዘገበ ምርት በሦስቱም ዘንድ ይሸጣል።

ሰበካ ጉባኤው ራሱ የላኪነት ፈቃድ ያውጣ የሚለውን አሳብ ግን አልደግፍም። ላኪነት ትልቅ ገንዘብ፣ ፈጣን ውሳኔና የኪሳራ ትከሻ ይፈልጋል፤ የምእመናን መባ ለዚህ አይውልም። ለላኪነት ማኅበራትና ነጋዴዎች አሉ። የአጥቢያው ድርሻ ዳሱ፣ መዝገቡ፣ ሚዛኑና ምስክርነቱ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ጥሬ ፍሬ መቁረጥ ነው። በኬንያ የአቮካዶ ዋጋ በተወደደ ጊዜ ያልደረሰ ፍሬ እየተቆረጠ ስለተላከ ገዢዎች አማረሩ፤ መንግሥት በየዓመቱ ለተወሰኑ ወራት አዝመራውን እስከመዝጋት ደርሷል። ያልደረሰ አቮካዶ አይበስልም፤ ይጨማደዳል፤ እንደ ጎማ ይሆናል። ከውጭ ሲያዩት ግን ከደረሰው አይለይም፤ ስለዚህ ይለካል። ከማሳው ልዩ ልዩ ክፍል ፍሬ ይወሰዳል፤ ልጣጩና ዘሩ ይወጣል፤ ሥጋው ተፍቆ 100 ግራም ይመዘናል፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ በዝግታ ይደርቃል፤ እንደገናም ይመዘናል። ለሐስ የአውሮፓ ደንብ የሚጠይቀው ቢያንስ 21 በመቶ ደረቅ ክፍል ነው፤ ከ100 ግራሙ 21 ግራም ከቀረ ፍሬው ደርሷል፤ 18 ከሆነ ደላላው ምንም ቢሰጥ አይቆረጥም። ሲቆረጥም በመቀስ፣ አጭር ጉቶ አስቀርቶ ነው፤ ተጎትቶ የተነቀለ ፍሬ በጉቶው ቀዳዳ በኩል ይበሰብሳል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን፣ መፋቂያና ምድጃ ነው። ሦስቱንም ይዤ መጥቻለሁ። ከምሳ በኋላ በአዳራሹ በስተጀርባ ካለው ማዕድ ቤት እንገናኝ፤ ከየአጥቢያችሁ አቮካዶ ይዛችሁ የመጣችሁ ከሁለት ዛፍ ሁለት ሁለት ፍሬ ስማችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡልኝ። እስኪደርቅ ድረስ ለቀሩት ጥያቄዎች በቂ ጊዜ ይኖረናል።